ቤት ውስጥ ቀን የሚቆጥር አለ

በመስከረም በዓላት ሰሞን ለወላጆችና ለካቴኪስቶች የቀረበ አስተምህሮ



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በሀገራችን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። አንደኛው መንገዱ ነው። ጭቃው ይደርቃል፤ ሞልቶ የነበረው ወንዝ ይጎድላል፤ በዝናብ ምክንያት የቆመው ግንባታ ይቀጥላል፤ ነጋዴው ጭነቱን ያሰናዳል፤ የመሥሪያ ቤት ባለሙያውም ለመስክ ሥራ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ሁለተኛው የበዓሉ ደጅ ነው። መስከረም 1 ቀን፣ ቅዱስ ዮሐንስ ብለን የምንጠራው እንቁጣጣሽ ይከበራል፤ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፤ በማግሥቱ የመስቀል በዓል ይውላል። ልጃገረዶች አደይ አበባ ይለቅማሉ፤ ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መላእክት ይሥላሉ፤ ችቦ ይታሠራል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። መንገዱም በዓሉም በአንድ ወር ስለሚጠሩ በብዙ ቤቶች ውስጥ እናት ወይም አባት በሁለቱ መካከል ተወጥረው እናያለን።

በዚህ ጽሑፍ ልናስታውስ የምንወደው አንድ ቁም ነገር ነው። ወላጅ በሥራ ምክንያት ከቤት ሲወጣ፣ ቀን የሚቆጥር ሰው በቤቱ ትቶ ይሄዳል። ቀን የሚቆጥረው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ የምንሰጠው የመመለሻ ቀን ተራ ቀጠሮ አይደለም፤ እግዚአብሔር ቃሉን የሚጠብቅ አምላክ መሆኑን ልጅ አስቀድሞ የሚማረው የአባቱና የእናቱ ቃል ሲጠበቅ በማየት ነውና።

ሊጥ ጊዜውን ይጠብቃል

ከበዓሉ ዝግጅት ሁሉ ድፎ ዳቦን ለምሳሌ እንውሰድ። ዱቄቱ በዋዜማው ይነፋል፤ እርሾው ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል፤ ሊጡ በደንብ ከታሸ በኋላ ኩፍ እስኪል ድረስ ተከድኖ ይቀመጣል። የኮባው ቅጠል ታጥቦ በምጣዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበታል፤ ከላይም ቅጠል ይለብሳል። ከዚያም ከታች እሳት፣ ከላይ በብረት ምጣድ ፍም ይደረግለታል። ዛሬ በከተማ ብዙዎች በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግሩታል። እሳቱ ይለወጥ እንጂ የሊጡ ጠባይ አልተለወጠም። ባለ ሥልጣን ቢያዘው፣ ባለ ጸጋ ቢከፍለው ከጊዜው አስቀድሞ ኩፍ አይልም። አጠገቡ ሆኖ ጊዜውን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 33 ላይ መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መስሎ አስተምሯል፤ አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ሸሸገችው፤ እርሱም ዱቄቱን ሁሉ አቦካው። ሦስት መስፈሪያ ለአንድ ቤተሰብ እራት ብቻ የሚሆን ልክ አይደለም፤ የድግስ ልክ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ላይ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ ሣራ እንድታቦካ የነገራት ዱቄት በዚሁ ልክ የተሰፈረ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ዳቦ የሚጋገርበት ቤት እንግዳ የሚገባበት፣ እግዚአብሔርም የሚጎበኘው ቤት ነው።

እርሾው ሥራውን የሚሠራው በሊጡ ውስጥ ሆኖ መሆኑንም ልብ እንበል። በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊጥ የሚያቦካ እርሾ የለም። የወላጅ ፍቅርም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ከሩቅ ይላካል፤ ልብስ ከሩቅ ይገዛል፤ ልጅን ከውስጥ የሚለውጠው ግን አብሮ መዋል፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መጸለይ ነው።

በዚያው የአብርሃም ታሪክ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። አብርሃም ሣራን እንድትጋግር ነግሯት እርሱ አልተቀመጠም፤ በዕድሜ የገፋ የቤቱ ጌታ ሳለ ራሱ ወደ ከብቶቹ ሮጦ ጥጃውን መረጠ፤ ሲበሉም ቆሞ አስተናገደ። እኛ ዘንድ ግን በብዙ ቤት የምናየው ሌላ ነው። እናት ቀኑን በመሥሪያ ቤት ወይም በገበያ ውላ፣ ማታ ገብታ ሽንኩርቱን ትከትፋለች፤ ሌሊቱን ሊጡን ትጠብቃለች፤ ማለዳ ቤቱን ታሰናዳለች። ቅዳሴው ሲደርስ ድካም ያሸንፋታል። ባልና ወንዶች ልጆች ግን በተዘጋጀው ማዕድ ዙሪያ እንደ እንግዳ ይቀመጣሉ። የአንዲት ሰው ድካም ሆኖ የሚቀር በዓል የቤተሰብ በዓል ሊባል አይችልም። እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት፣ ሊጥ ማሸት፣ ቅጠሉን ማጠብ፣ ሕፃናትን መያዝ ለአንዱ ጾታ ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ማንንም ልንወቅስ አንሻም። ከሥራዋ ውላ ሲመሽ የምትገባ እናት ከዳቦ ቤት የተጋገረ ገዝታ ብትገባ በዓሉን አላጎደለችም። ቤተሰቡ በአንድነት ተቀምጦ፣ የመስቀል ምልክት አማትቦ፣ አመስግኖ የሚቆርሰው የተገዛ ዳቦ፣ ሁሉም በየፊናው ከሚበላው የቤት ድፎ ይበልጣል።

ልጆች ሲጠይቁ ማን ይመልስ?

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ላይ እግዚአብሔር የፋሲካን ሥርዓት ለእስራኤል ሲሰጥ አንድ ነገር አስቀድሞ አመልክቷል፤ ልጆች የዚህን ሥርዓት ትርጉም ይጠይቃሉ፤ ወላጆችም ጌታ ሕዝቡን ከግብፅ እንዴት እንዳዳነ ይነግሯቸዋል። ስለዚህ በዓል ከመብልና ከመጠጥ አስቀድሞ የልጅ ጥያቄና የወላጅ መልስ ነው። የእኛም ልጆች ይጠይቃሉ። ደመራው ለምን ይቃጠላል? ንግሥት እሌኒ ማን ነበረች? ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ለምን ይባረካል? እነዚህን ጥያቄዎች ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ሊመልስ ይችል ይሆናል። ነገር ግን የእምነት መልስ ከሚወደን ሰው አፍ ሲወጣ ነው በልብ የሚቀረው። ልጁ በጠየቀ ጊዜ የሚመልስለት ካጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ላይጠይቅ ይችላል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ደጋግማ አስተምራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ ክርስቲያናዊ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ተመልክቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫም ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ቤተሰብ በሰጡት ተከታታይ ትምህርት ነሐሴ ላይ ስለ በዓል፣ ቀጥለውም ስለ ሥራና ስለ ጸሎት አስተምረዋል። በዓል ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ መሆኑንና የሥራ ስግብግብነት ሊውጠው እንደማይገባ አመልክተዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስለ ማዕድ ሲያስተምሩ፣ በአንድነት የማይበላ ወይም በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ቴሌቪዥንና ስልክ ብቻ የሚመለከት ቤተሰብ የቤተሰብነት ጣዕም እንደሚጎድለው አሳስበዋል።

ይህ የመጨረሻው ማሳሰቢያ ከቤት ላልወጡ ወላጆችም ነው። በአካል ቤት ውስጥ ተቀምጦ ልቡ መንገደኛ የሆነ ወላጅ አለ። ልጁ የሣለውን አበባ ሲያሳየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ጎሽ» ብሎ ያልፋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ቅድስት ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ ከፋሲካ በዓል ሲመለሱ፣ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ መሄዳቸው ተጽፏል። አለመኖሩን ባወቁ ጊዜ ግን ነገ እንፈልገው አላሉም፤ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው እስኪያገኙት ድረስ ፈለጉት። እኛም «ልጄ አብሮኝ አለ» ብለን ረጅም መንገድ ስንሄድ፣ ልጃችን በእርግጥ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያስፈራው መለስ ብለን መፈለግ ይገባናል።

የመስከረም ደስታ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አደይ አበባ በሜዳው በነፃ ይፈካል፤ የሚቆየውም ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆችን ይዞ አበባ መልቀም፣ ማታ እንቆቅልሽ መጠያየቅ፣ ተረት መንገር፣ ገበጣ መጫወት፣ ችቦውን አብሮ ማሠር፤ ልጅ ሲያድግ የሚያስታውሳቸው እነዚህን ነው። የአበባው ጊዜ አጭር እንደ ሆነ ሁሉ የልጅነትም ጊዜ አጭር ነው።

ሥራም የእግዚአብሔር ጥሪ ነው

ይህን ስንል ሥራን ማቃለላችን አይደለም። ጌታችን ራሱ በናዝሬት የጠራቢ ልጅ ተብሎ አድጓል። ለቤተሰቡ ሲል ሌሊት የጅቡቲን መንገድ የሚነዳ አሽከርካሪ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ድልድይ ለመሥራት በድንኳን የሚያድር መሐንዲስ በሥራቸው እግዚአብሔርን ያገለግላሉ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሥራ መልእክት ጽፈዋል፤ በዚያው ዓመት ስለ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ሰፊ ሐዋርያዊ ምክር አውጥተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሥራ ለሰው ተሰጠ እንጂ ሰው ለሥራ አልተሰጠም፤ ሥራም ቤተሰብን ሊያቆም እንጂ ሊያፈርስ አይገባም።

እንግዲህ መንገደኛው ወላጅ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ለምን ሄድሁ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ይህ ጉዞ የግድ ነው? ወይስ አበሉ ስቦኝ ነው? ስብሰባው እኔን ይፈልጋል? ወይስ ከቤት ጣጣ ማረፊያ ሆኖልኛል?» ብሎም ይጠይቅ። የግድ የሆነውን ጉዞ በጸሎት እንሂድ፤ በምርጫችን የሆነውን ግን በሕሊናችን ፊት እንመዝን። ለልጆቼ ብዬ ነው የምንለው ሁሉ በእውነት ለልጆቻችን መሆኑን ከልጆቻችን በላይ የሚያውቅ የለም።

ከጦቢት ቤት የምንማረው

ከዘመን መለወጫ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ጳጉሜን 3 ቀን ቅዱስ ሩፋኤልን እናስባለን። በዚያ ቀን ልጆች በዝናቡ እየተጠመቁ ሲቦርቁ እናያለን። ቅዱስ ሩፋኤል በመጽሐፈ ጦቢት የምናገኘው የመንገደኞች ጠባቂ ነው፤ ታሪኩም ስለ ገንዘብ ተብሎ ስለ ተደረገ ጉዞ ነው።

አረጋዊው ጦቢት ዓይኑ ታውሮና ደኽይቶ ሳለ፣ በሜዶን ሀገር በራጌስ በገባኤል ዘንድ ያስቀመጠው ዐሥር መክሊት ብር ትዝ አለው። ያንን እንዲያመጣ ልጁን ጦብያን ላከው፤ ሩፋኤልም በሰው አምሳል አብሮት ሄደ። እናቱ ሐና ግን አለቀሰች። በገንዘብ ላይ ገንዘብ መጨመሩ ለልጇ ሕይወት እንደማይተካ፣ እግዚአብሔር ለኑሯቸው የሰጣቸውም እንደሚበቃ ለባሏ ተናገረች። ጦቢት አጽናናት፤ ልጁም መንገዱን ጀመረ።

በመንገድ ላይ ነገሩ ረዘመ። ጦብያ በራጉኤል ቤት ሣራን አገባ፤ የሰርጉም ድግስ ዐሥራ አራት ቀን እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ጦብያ ያደረገው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ብሩን እንዲያመጣለት ሩፋኤልን ወደ ራጌስ ላከ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ አባቱ ቀን እንደሚቆጥር፣ እርሱ አንድ ቀን ቢዘገይም አባቱ እጅግ እንደሚያዝን ተናገረ። በእርግጥም ጦቢት በቤቱ ሆኖ የመሄጃውንና የመመለሻውን ቀን ይቆጥር ነበር፤ ሐናም ልጇ የሄደበትን መንገድ በየቀኑ ወጥታ ትመለከት ነበር። ራጉኤል ትንሽ ቆይ ብሎ ሲለምነው ጦብያ አልተቀበለም፤ ወላጆቹ እንደሚጠብቁት ያውቃልና።

ሲመለስስ ምን ሆነ? እናቱ ሮጣ አቀፈችው። ቀጥሎ የአባቱ ዓይን በራ። ብሩን ማምጣቱን የሚነግራቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጉዞው ምክንያት የነበረው ገንዘብ በመመለሻው ሰዓት የመጨረሻውን ስፍራ ያዘ።

በዚህ ታሪክ መንገደኛው ልጅ ነው፤ የሚጠብቁት ወላጆች ናቸው። በእኛ ቤት ነገሩ ተገልብጦ ወላጅ ይሄዳል፤ ልጅ ይጠብቃል። ሐና ሽማግሌ ባሏ ያጽናናት ነበር፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን አባቱ የዘገየው በሥራ ምክንያት ይሁን ስለማይወደው፣ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የጦብያ ጥበብ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ጦብያ ሥራውን አልተወም፤ ነገር ግን ሥራውን ሲያዘጋጅ የሚጠብቀውን ሰው ቀን ከሂሳቡ አላወጣም። ለሌላ ሊሰጥ የሚችለውን ሥራ ለሌላ ሰጠ። ለማንም ሊሰጥ የማይችለውን፣ ማለትም ልጅነቱን፣ ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። እኛም ስብሰባውን የሚካፈል ሌላ ባልደረባ እናገኝ ይሆናል፤ በእኛ ፋንታ ለልጃችን አባት ወይም እናት የሚሆን ባልደረባ ግን አናገኝም።

መምጣት ለማይችሉ

ይሁን እንጂ መመለስ እየፈለጉ መመለስ የማይችሉ ብዙዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሆስፒታል በበዓል ቀን አይዘጋም፤ ጠረፍ ያለ ጠባቂ አያድርም። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች የሌላውን ሰው ልጅ እያቀፉ የራሳቸውን ልጅ ድምፅ በስልክ ይሰማሉ፤ የሚልኩት ገንዘብ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል፤ የበዓሉን ዳቦ ግን አያቷ ትቆርሳለች። ለእነዚህ እናቶች «ለምን አልመጣሽም?» የሚል ቃል ከእኛ አይወጣም። መስዋዕትነታቸው በእግዚአብሔር ፊት የታወቀ ነው።

ለእነርሱ የሚሆን መጽናኛ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦላቸዋል። ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት በግዕዝ ሥርዓት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በእነዚህ ቀናት ቅድስት ቤተሰብ ወደ ግብፅ ያደረገችው ስደት ይታሰባል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው ቅዱስ ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ሄደ። ሠራተኛው ዮሴፍ ሀገሩን፣ ዘመዶቹን፣ የሥራ ቦታውን ትቶ በባዕድ ምድር ኖሯል። አበባ በሚፈካበት ወራት ቤተ ክርስቲያን የስደተኛ ቤተሰብን ታሪክ ማስታወሷ፣ በደስታችን መካከል በመንገድ ያሉትን እንዳንረሳ ነው።

መምጣት ያልቻለ ወላጅ ያለበት ቤት በዓሉን በአንድ ቀን ሊዘጋ አይገደድም። ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን ደስታ 50 ቀን ሙሉ ታከብራለች። መንገደኛው በሁለተኛው ሳምንት ቢመለስ፣ በዚያ ቀን ዳቦ ተጋግሮ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቢጠበቅ፣ ልጆቹ በቀን መቁጠሪያ ላይ ከተጻፈው ቀን ያነሰ በዓል አላከበሩም።

ለቤታችን የሚሆኑ ጥቂት ምክሮች

1ኛ. ከመሄዳችን በፊት ለልጆች የምንሄድበትን ቦታ፣ ምክንያቱንና የምንመለስበትን ቀን በግልጽ እንንገራቸው። እርግጠኛ ያልሆንበትን ቀን አንስጥ፤ «ማክሰኞ ወይም ረቡዕ» ብሎ እውነቱን መናገር፣ «ሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ከመቅረት ይሻላል። ተኝተው ሳሉ ተሸሽጎ መሄድም አይገባም። በግንባራቸው ላይ በመስቀል ምልክት አማትበን፣ ባርከናቸው እንሂድ።

2ኛ. በመንገድ ሳለን ከቤት ጋር በአንድ ሰዓት የምንጸልየው ጸሎት ይኑረን። አባታችን ሆይ ወይም የመቁጠሪያ አንድ ምሥጢር ይበቃል። ልጁ አባቱ በሌላ ከተማ ሆኖ በዚያው ሰዓት እንደሚጸልይ ካወቀ፣ ጸሎት ርቀትን እንደሚያሸንፍ ያለ መጽሐፍ ይማራል።

3ኛ. ስልክ ስንደውል የፈተና ውጤት ብቻ አንጠይቅ። ምን እንደ ተጫወተ፣ ማን እንደ ጎበኛቸው፣ ምን እንዳሳዘነው እንስማ። ቀኑ ከተለወጠ ደግሞ ራሳችን ለልጁ እንንገረው፤ በሌላ ሰው አፍ አንላክበት።

4ኛ. ስንመለስ እንደ ጦብያ ቤት እቅፉ ይቅደም፤ ስጦታው ይከተል። ስጦታ በእኛ ፋንታ እንዲቆም አንላከው። በተመለስንበት ምሽት ስልካችንን አርቀን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ እንቀመጥ።

5ኛ. የበዓሉን ሥራ በዋዜማው እንከፋፈል። ትንሹ ልጅ እንኳ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ አዝሙዱን መልቀም ይችላል። አባት ሊጡን ቢያሽ ክብሩ አይቀንስም፤ ልጆቹ ግን ያንን ቀን አይረሱትም።

6ኛ. ዳቦው ሲቆረስ አንድ ቁራሽ ለጎረቤት፣ በተለይም ወላጅ በሌለበት ቤት ላሉ ልጆች ይሂድ። ሦስት መስፈሪያው የድግስ ልክ መሆኑን አንርሳ።

ለካቴኪስቶችና ለአሠሪዎች

የተከበራችሁ ካቴኪስቶች፤ በምታስተምሩት ክፍል ውስጥ ቀን የሚቆጥር ልጅ ይኖራል። ትምህርት አልገባ ሲለው፣ ያለ ምክንያት ሲቆጣ፣ ወይም በበዓል ሰሞን ሲያዝን ብታዩት አስቀድማችሁ አትገሥጹት፤ በቤቱ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ጠይቁ። ስለ ቤተሰብ ስታስተምሩም እናትና አባት ሁልጊዜ አብረው ያሉበትን ቤት ብቻ ምሳሌ አታድርጉ፤ የጦቢት ቤትና የግብፅ ስደትም የመጽሐፍ ቅዱስ ቤተሰቦች ናቸው። በክፍል ውስጥ በሩቅ ሀገር ላሉ ወላጆች በስማቸው መጸለይ ለልጁ ብቸኛ አለመሆኑን ያሳየዋል። በቁምስናው ያሉ አረጋውያንም በበዓሉ ቀን እነዚህን ልጆች ከማዕዳቸው ቢጠሩ መልካም አገልግሎት ነው።

ሌሎችን የምታሠሩ ምእመናን ደግሞ ለበታቾቻችሁ ቀን የሚቆጥር ልጅ እንዳላቸው አስቡ። ከበዓል በኋላ ሊደረግ የሚችለውን ጉዞ በዋዜማው አታድርጉት። የቤት ሠራተኛችሁም ወደ ወላጆቿ የምትሄድበትን ቀን ከሰጣችኋት፣ እንግዳ በዛ ብላችሁ አታስቀሯት፤ ከእርስዋም ቤት መንገዱን ወጥታ የምትመለከት እናት አለችና። በቤታችን የምናከብረው በዓል የሌላውን ቤት በዓል የወሰደ ከሆነ በመስቀሉ ፊት ደስታችን ሙሉ አይሆንም።

የተወደዳችሁ፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር የገባውን ቃል ሳያስታጉል በጊዜው ልጁን ላከልን። ልጁም ለደቀ መዛሙርቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሯቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ተስፋ ይዛ መንገዱን እየተመለከተች ትጠብቃለች። እኛም በዚህ ተስፋ የምንኖር ሁላችን ለሚጠብቁን ታናናሾች ቃላችንን እንጠብቅ። የመንገደኞች ጠባቂ ቅዱስ ሩፋኤል በሥራ ምክንያት በየመንገዱ ያሉትን እናቶችና አባቶች ይጠብቅልን። የናዝሬት ቅድስት ቤተሰብ ማዕዳችንን ይባርኩልን። ቀን የሚቆጥሩ ልጆች በጠበቁት ቀን የወላጆቻቸውን ፊት እንዲያዩ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። አሜን።